የሱታዎቹ ቃሬዛ

ኮረብታዋ በካርታ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበራትም። እኛ «ጎባጣዋ» እንላት ነበር። ከሥሯ ደረቅ ወንዝ አለ። ከወንዙ ማዶ ሌላ ኮረብታ አለ፤ እነሱ እዚያ ነበሩ። ጎባጣዋ ላይ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቆየን። አምቦ ውስጥ ስለ ሰሜኑ ጦርነት የሚያወራ ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ጎባጣዋን ያውቃት እንደሆነ እጠይቃለሁ። አያውቃትም፤ ግን ያወራል። ባጃጅ ውስጥ ያወራል፤ ሚኒባስ እስኪሞላ ያወራል፤ ለቅሶ ቤት ካርታ እየተጫወተ ያወራል። ስለ እኔም ያወራል። «ያቺ ሴትዮ ናት የሰው ልጅ አሳስራ ያስገደለች» ይላል።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር ስሜን ለማጽዳት ነበር። እንደማይሆን የገባኝ ስጨርሰው ነው። ምክንያቱን መጨረሻ ላይ ታዩታላችሁ።

ወታደር የሆንኩት ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ በወጣትነቴ፣ በፊተኛው የድንበር ጦርነት፣ ቁስል ሳስር ሃምሳ አለቃ ሆኜ ተሰናበትኩ። ከዚያ በኋላ በአንድ ክሊኒክ መርፌ ስወጋ ሃያ ዓመት አለፈ። ሁለተኛው በ2014 ዓ.ም. የቀድሞ የሠራዊት አባላት የተጠሩ ጊዜ ነው። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ የቀኝ ጉልበቴ ያመኛል። ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝና «እማማ፣ የሚያስመዘግቡት ልጅዎን ነው?» አለኝ። «ራሴን ነው። ጻፍ» አልኩት። ከት ብሎ ሳቀ። እሱ ግንባር አልሄደም።

የሻለቃው ቁስለኛ አንሺ ጓድ አዛዥ አደረጉኝ። ስምንት ነበርን። በወረቀት ላይ አራት ቃሬዛ ነበረን፤ በእጃችን የነበረው ሁለት ነው። የቀሩትን ሁለቱን በየሳምንቱ እጠይቅ ነበር። በየሳምንቱም «በመንገድ ላይ ነው» ይሉኝ ነበር። ጦርነቱ አለቀ፤ ቃሬዛዎቹ ዛሬም በመንገድ ላይ ናቸው።

ከስምንታችን ሦስታችን የአምቦ አካባቢ ሰዎች ነበርን። እኔ፣ ለሜሳና ገመቹ። ለሜሳ የሐሮ ወንጪ ሰው ነው፤ ሐይቁ ላይ እንግዳ በጀልባ ሲያሻግር የኖረ። ትከሻው ሰፊ፣ ነገሩ ጥቂት፣ አማርኛው ሰባራ። ገመቹ የጉደር ነው። አስተማሪ ነበር። ቤተሰቡ ጴንጤዎች ናቸው፤ እናቱ ዘማሪ ነበሩ። ቀጭንና ለፍላፊ፣ ሰው ሲሳሳት ካላረመ የማያድር ዓይነት ሰው ነበር። ሁለቱ የተዋወቁት ማሠልጠኛ ውስጥ ነው፤ እኔ ጋ ሲመጡ ተለያይተው የሚበሉበት ቀን አልነበረም። «አዴ» እያሉ ይጠሩኝ ነበር፤ በእኛ አገር ሴት በአክብሮት የምትጠራው እንደዚያ ነው። አዴ ብለው ሲያበቁ ደግሞ «አንቺ» ይሉኛል። ያገሬ ሰው ስለሆኑ ዝም አልኩ። ሌላው ቢለኝ ዝም አልልም ነበር።

ቃሬዛ መሸከም ጉልበት ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም። ፊተኛው መንገዱን ያያል። ኋለኛው የሚያየው የፊተኛውን ጀርባና የቁስለኛውን ፊት ብቻ ነው። ስለዚህ ፊተኛው ይናገራል፤ ኋለኛው አምኖ ይራመዳል። ለሜሳ ፊት ነበር። «ዳጋ» ካለ ድንጋይ አለ። «ቦላ» ካለ ጉድጓድ አለ። አብዝቶ የሚለው ግን «ሱታ» ነበር፤ ቀስ ማለት ነው። ጀልባውን ወደ ዳር ሲያስጠጋ እንደዚያ ማለት ልማዱ ነው አሉ። ገመቹ ከኋላ «ሱታ» ብሎ ይመልስለታል። ሰምቻለሁ ማለቱ ነው። ካልመለሰለት ለሜሳ ይቆማል፤ ጥይት እየዘነበም ቢሆን ይቆማል።

የሌላኛው ቃሬዛ ሰዎች ቁስለኛውን እንደ ጆንያ ነበር የሚያንገላቱት። የእነዚህ አይነቃነቅም። ሳይቆይ የሻለቃው ሰው ሁሉ «ሱታዎቹን ጥሩልኝ» ማለት ጀመረ። አንድ የመትረየስ ተኳሽ ሆዱን ተመትቶ «ሱታዎቹ ካልመጡ አልነሳም» ብሎ ድርቅ አለብኝ።

«ታክሲ መሰለህ የምትመርጠው?» ብዬ ጮህኩበት።

«ሱታዎቹን» አለ።

እነሱ መጥተው አወረዱት። ዛሬ በሕይወት አለ። አንድ ቀን እንኳ ደውሎልኝ አያውቅም።

በአምስተኛው ቀን መቀሴ ጠፋ። ለጓዱ ያለን መቀስ አንድ ነው። ሁሉንም ሰደብኩ፤ የሁሉንም ኮሮጆ በረበርኩ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተኩሱ ጋብ ብሎ ነበር፤ ከአለቱ ኋላ ዕቃ የምናስቀምጥበትን ሸራ ገለጥኩ። ገመቹ ተጋድሟል፤ እግሩ የለሜሳ ጭን ላይ ነው። ለሜሳ በእኔ መቀስ የእግሩን ጥፍር ይቆርጥለታል። ከዓይን ውስጥ ጉድፍ የሚያወጣ ይመስል ነበር፤ ያን ያህል ተጠንቅቆ። ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ለሜሳ ጥፍሩን ጨረሰ፤ ጎንበስ አለና እግሩን ሳመው። ገመቹ በኮሌታው ይዞ ሳበው፤ አፍ ለአፍ ተሳሳሙ።

«መቀሱን!» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ዘለው ተነሱ። የገመቹ ፊት አመድ መሰለ። ለሜሳ መቀሱን በእጀታው በኩል አዙሮ ዘረጋልኝ።

«አዴ...» አለ።

«ቀቅለህ አምጣው! የሰው ሥጋ የምቆርጥበት ነው።» ልወጣ ስል ተመለስኩ። «ይሄ ሸራ ደግሞ ከታች አይዘጋም። ድንጋይ አስቀምጡበት።»

ደግ ነበረች የሚል እንዳይኖር። አምቦ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ስስም ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ያየሁትን አልወደድኩትም። ሦስት ቀን ፊታቸውን ሳላይ ነበር የማዛቸው። ለአለቃ ያላመለከትኩት ግን ሁለት ቃሬዛ ብቻ ስለነበረኝ ነው፤ ከሁለቱ ቁስለኛ በሕይወት የሚያደርሰው አንዱ ነው። ይኸው ነው እውነቱ።

ከዚያ ወዲያ ሳልፈልግ እያየኋቸው መጣሁ። አንዱ ኮዳውን ከመክፈቱ በፊት የሌላውን ያንቀሳቅሳል፤ ውሃ እንዳለው ለማወቅ። ሞርታር ወድቆ አቧራው ሳይረጋ ይጠራራሉ። ገመቹ ያወራል፤ ለሜሳ ያንን ሁሉ ወሬ ደሞዝ እንደሚቆጥር ሰው ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። እኔ አግብቼ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ። ባሌ የጫማዬን ቁጥር አያውቅም ነበር። ይሄ ትዝ ሲለኝ በእነሱም ተናደድኩ፤ በእሱም ተናደድኩ።

አሁን ወደ ካርዱ ልምጣ።

እያንዳንዱ ወታደር የደረት ኪሱ ውስጥ አንዲት ካርድ ይይዛል። ስም፣ የደም ዓይነት፣ ተጠሪ፣ ከተጠሪው ጋር ያለው ዝምድና። ለጓዴ ያደልኩት እኔ ነኝ። ሞልተው ሲመልሱ የለሜሳን አየሁ። ለሜሳ የተማረው በኦሮምኛ ስለሆነ የሞላው በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል ነው። እኔ ከቁቤ በፊት የተማርኩ ሰው ነኝ፤ አነበዋለሁ፤ ግን እንደ አሮጊት ቀስ እያልኩ ነው። ተጠሪ፦ ገመቹ። ዝምድና፦ ጃለሌ።

ኦሮምኛ ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። ጃለሌ ማለት የምትወደው፣ የልብህ ሰው፣ ፍቅረኛህ ማለት ነው። ዘፈን ውስጥ ያለ ቃል ነው። የመንግሥት ካርድ ላይ የሚጻፍ ቃል አይደለም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ጠየቀ፤ መለስኩ» አለ በሰባራ አማርኛው።

«ወንድም በል!»

«ወንድሜ አይደለም።»

«ጓደኛ በል፤ የአክስት ልጅ በል፤ ምን ቸገረህ?»

«አዴ፣ እኔ ብሞት ለማን ነው የሚነግሩት? ለእሱ። እሱ ምኔ ነው? ይሄ ነው።» በጣቱ ቃሉን ነካው። «ለወረቀት ለምን እዋሻለሁ?»

ገመቹ ቆሞ ይስቃል፤ ጆሮው ቀልቷል። እሱ እንኳ በራሱ ካርድ ላይ እናቱን ነው የጻፈው። እንደዚህ ዓይነት ሰዎች ናቸው በሃምሳ ሦስት ዓመቴ የተሰጡኝ። አዲስ ካርድ አምጥቼ ራሴ እሞላለሁ ብዬ አሰብኩ። ማታውኑ ቁስለኛ በዛ። በማግሥቱም በዛ። ካርዱ ኪሱ ውስጥ ቀረ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንድ ሻምበል ካርድ ሊያጣራ መጣ። የሻለቃው የፀጥታ ጉዳይ በእሱ እጅ ነበር። ስሙን አልጽፈውም፤ ጫማው ሁልጊዜ ንጹሕ እንደነበር ግን እጽፋለሁ። የለሜሳን ካርድ ይዞ ወደ እኔ መጣ።

«ሃምሳ አለቃ፣ አንቺ የዚያ አገር ሰው ነሽ። ይህን አንብቢልኝ። ጃ... ኣላ... ልሌ? ምንድን ነው?»

ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። ሁለት ቃላት አሉ፤ በአንዲት ፊደል ነው የሚለያዩት። ጃለሌ ያልኳችሁ ነው። ጃሌ ደግሞ ጓድ ማለት ነው። በልጅነቴ በደርግ ጊዜ፣ የቀበሌ ስብሰባ ላይ፣ በአማርኛ «ጓድ» የተባለውን ሁሉ በኦሮምኛ «ጃሌ» ነበር የሚሉት። ሊቀመንበሩም ጃሌ፣ ጸሐፊውም ጃሌ፣ ስኳር የሚያድለውም ጃሌ። ከዚያ የሚያሰለች፣ ከዚያ የሚታመን ቃል በዓለም ላይ አልነበረም።

«ጃሌ ነው» አልኩት። «ቁቤ ሲጻፍ ፊደል ይደጋግማል። ጓድ ማለት ነው። የጦር ጓዴ ማለቱ ነው።»

ሻምበሉ ካርዱን አላወረደም። ዓይኑ ጠበበ።

«ጃሌ? ጫካ የገቡት እርስ በርሳቸው የሚጠራሩበት አይደለም እንዴ?»

ያኔ ነው የገባኝ። ቃሉ እኔ ሳላውቅ ባለቤት ቀይሯል። በእኛ በኩል ጫካ ገብተው መንግሥትን የሚወጉት ሰዎች ወስደውታል። አምቦ ውስጥ ስኖር ሰምቼዋለሁ፤ ሲጨንቀኝ ግን የወጣልኝ የልጅነቴ ቃል ነው። ከአንዱ እሳት አውጥቼ ሌላው ውስጥ ከተትኳቸው።

«አይ፣ ድሮ...» አልኩ።

«ድሮ አልጠየቅኩሽም።» ካርዱን ኪሱ ከተተ። «የተማረው የትኛው ነው?»

«ገመቹ። አስተማሪ ነበር።»

«እንግዲያው መልማዩ እሱ ነው።»

በቃ። ምርመራው ይህ ነበር። ከክፍለ ጦር መርማሪ እስኪመጣ ድረስ ገመቹ መሣሪያው ተወስዶ ከፊተኛው ምሽግ አካፋ ይዞ እንዲቆፍር ታዘዘ። ለሜሳ እኔ ጋ እንዲቀር፣ ሁለቱ እንዳይገናኙ ተባለ። ቃሬዛዬን ለሁለት ሰነጠቁብኝ። ቁስለኛ በማን ላነሳ እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም።

ከሰዓት በኋላ ፋሻ የማደርስ መስዬ ፊተኛው ምሽግ ሄድኩ። ገመቹ እስከ ወገቡ ጉድጓድ ውስጥ ነበር።

«አዴ፣ ምን ብለሽው ነው?»

«ጃሌ አልኩት።»

አካፋውን ተደግፎ ሳቀ። «ጃሌ? አዴ፣ በየትኛው ዘመን ነው ያለሽው?»

«እኔ ባደግኩበት ዘመን ጓድ ማለት ነበር! አትሳቅብኝ!»

«ብዙ ተማሪ አይቻለሁ፤ እንዲህ ዓይነት ስህተት ግን አይቼ አላውቅም።»

«እንግዲያው ልሂድና እውነቱን ልንገረው። የጫካ ሰው አይደለም፣ ፍቅረኛው ነው ልበለው?»

ሳቁ ቆመ። ግራ ቀኝ አየ። «እንዳትነግሪው» አለ። «በጃሌ ቢያስሩኝ እናቴ ታለቅሳለች፤ ጎረቤት መጥቶ አብሯት ያለቅሳል። በሌላኛው ከሆነ ስሜን የሚያነሳላት አይኖርም። እሷም አታነሳውም። ማይልኝ።»

«ገመቹ...»

«ማይልኝ፣ አዴ።»

ማልኩለት። ስሄድ ጠራኝ።

«ለለሜሳ ንገሪው፤ ቃሉን አስተካክሎ ነው የጻፈው። የሚደገመውን ደግሞታል። የሚታረም የለውም።»

መልእክቱን አደረስኩ። ለሜሳ ሻምበሉ ጋ ልሂድ ብሎ ተነሳ። እጁን ያዝኩ። መማሌን ነገርኩት። ቁጭ አለ፤ ከዚያ በኋላ አላናገረኝም። እኔም እሱን አልወቅሰውም። ሻምበሉን እወቅሳለሁ። ካርዱን ያሳተመውን እወቅሳለሁ። «ዝምድና» ብሎ አንዲት መስመር ብቻ የተወውን።

በአሥራ አራተኛው ቀን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማዶው ተነሳብን። መድፍ ቀደመ። ሞርታር ተከተለ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወንዙ ውስጥ ነበሩ። መለስናቸው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እንደገና መጡ። ፊተኛው ምሽግ ለሁለት ተቆረጠ። መለስናቸው። ከጓዴ ሲሳይ ወደቀ፤ አናቱን ነበር። ጥቂት ቆይቶ መሐመድ ቁስለኛ ላይ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። የቃሬዛዎቹ መያዣ በደም ያንሸራትት ነበር፤ አፈር እያሸን ያዝነው።

ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ «ቆፋሪው ተመትቷል» የሚል መልእክት መጣ። ስም እንኳ አልጠሩለትም።

ለሜሳ ቃሬዛውን አነሳ። በገመቹ ምትክ የሰጡት ሰው ክንዱን ተመትቶ ተቀምጧል። ሌላኛው ቃሬዛ ታች ወርዷል።

«ማነው ኋላ?» አለ ለሜሳ። ከሁለት ቀን በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

«እኔ።»

ጉልበቴን አየ። ምንም አላለም። ሄድን።

ገመቹ ራሱ የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ጭኑንና ከወገቡ ዝቅ ብሎ። ጭኑን ከላይ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ሆዱን አየሁ፤ ሸፈንኩት። ለሜሳ አጠገቡ ተንበርክኮ ፊቱን በእጅጌው ጠረገለት። እዚያ ሃያ ሰው ነበር፤ ማንም ምንም አላየም። ሁሉም የራሱ ጣጣ ነበረው።

አነሳነው። ወደ ሕክምና ጣቢያው ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ደረቁን ወንዝ በእኛ በኩል ይዞ፣ እንደገና ሽቅብ ነው።

«ዳጋ» አለ ለሜሳ።

ድንጋዩን ዘለልኩ።

«ሱታ» አለ። ቆመ።

«ምን ሆነህ ነው የምትቆመው? ሂድ እንጂ!» ጮህኩ።

ገመቹ ከቃሬዛው ላይ ዓይኑን ገለጠ። «አዴ፣ መልሺለት» አለ። «ካልመለሽለት አይሄድም።»

«ሱታ!» አልኩ። ተራመደ።

«በግራ እግርሽ ነው የጀመርሽው» አለ ገመቹ። «በቀኝ ነው።»

«አንተ ሰው፣ ትንፋሽህን ቆጥብ!»

«አስተማሪ ነኝ እኮ» አለ። ከንፈሩ ነጭ ነበር። እግሬን ቀየርኩ። እውነቱን ነው፤ ቃሬዛው መንቀጥቀጡን አቆመ።

«ቦላ» አለ ለሜሳ። «ሱታ።»

«ሱታ» አለ ገመቹ፤ እኔን ቀድሞ። ከዚያ ጀምሮ የሚመልስለት እሱ ሆነ። ተኝቶ፣ ሰማዩን እያየ፣ ሥራውን ይሠራ ነበር። «ሱታ።» «ሱታ።» ድምፁ እያነሰ ሄደ።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ለሜሳ «ሱታ» አለ። ከቃሬዛው መልስ አልመጣም።

ፊተኛው መንገዱን ያያል፤ ኋለኛው ፊቱን ያያል ብያችኋለሁ። እኔ ፊቱን እያየሁ ነበር።

ለሜሳ ሊቆም እግሩን ገታ አደረገ።

«ሱታ» አልኩ።

ሄደ። ከወንዙ እስከ ጣቢያው አራት መቶ እርምጃ ይሆናል። ድንጋዩን ሁሉ ነገረኝ። ጉድጓዱን ሁሉ ነገረኝ። በእያንዳንዱ ሱታ እኔ መለስኩለት። ቃሬዛው አልተነቃነቀም። ጉልበቴ የዚያን ቀን ለምን እንዳላመመኝ እስካሁን አላውቅም።

ጣቢያው ስንደርስ ቀስ ብሎ አስቀመጠውና ዞረ። ረጅም ጊዜ አየው። ቀና አላለም።

«ከየት ጀምሮ ነው?» አለኝ።

«ከወንዙ።»

«መለስሽልኝ እኮ።»

«መለስኩልህ።»

ራሱን ነቀነቀ። የገመቹን ጫማ አውልቆ እግሩን አስተካከለለት፤ መልሶ አለበሰው።

እስከ ቀትር መለስናቸው። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጎባጣዋን ለሌላ ሻለቃ አስረክበን ወረድን። ሻምበሉን ካርዱን ጠየቅኩት። «የትኛው ካርድ?» አለኝ። መርማሪ አልመጣም። የገመቹ ስም ግን መዝገቡ ላይ ከሞቱት ጋር ሳይሆን «ጉዳዩ በመጣራት ላይ ያለ» ከሚለው ሥር ቀረ። ለማስተካከል ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ። የሻምበሉን ጫማ ንጽሕና ያነሳሁት ለዚህ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ጉዳይ እሱ ምንም ሳይነካው ወጣ።

ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ጉደር ደርሷል። አንድ ሰው አንድ ቃል፣ ሌላው ሌላ ቃል ጨምሮበት፤ «የአምቦዋ ሴትዮ የጫካ ሰው ነው ብላ ጠቆመችበት» ሆኗል። ለቅሶ ሄድኩ። አጎቱ ኦቦ ቶሎሳ ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ምን ቀረሽ? ሌላ የምታስተረጉሚው አለሽ?»

«ኦቦ፣ እኔ...»

«በአፍሽ የበላሽውን በዓይንሽ ለማየት ነው የመጣሽው? ሂጂልን።»

ማን ምን እንዳለ፣ ለምን እንደተባለ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ልነግረው እችል ነበር። ለገመቹ ግን ምዬለታለሁ። ወጣሁ። ከአጥሩ ውጭ አስፋልቱ ዳር ቆሜ ቀረሁ፤ ዝም ብዬ መሄድም አልቻልኩም። ለሜሳ ውስጥ ነበር። ከኋላ፣ ምሰሶው አጠገብ፣ እንደ ማንኛውም ጓደኛ ነበር የተቀመጠው። የገመቹ እናት የመጣውን ወታደር ሁሉ «ማን ነበር አብሮት?» እያሉ ይጠይቁ ነበር።

«እኔ ነበርኩ» ሲል ሰማሁ።

«መጨረሻ ላይ ምን አለ ልጄ?»

«ሱታ አለ፣ አዴ።»

«ሱታ» አሉ እናቱ። «ሱታ። ሱታ።» እየደጋገሙ። ለሜሳ እንደዚያ ሲያለቅስ ከአጥር ውጭ ሆኜ ሰማሁት፤ አጠገቡ የነበሩት «ምን ዓይነት ታማኝ ጓደኛ ነው» ይሉ ነበር። ጓድ። ጓደኛ። እኔ ለሻምበሉ ያልኩትን ሁሉም ያለ እኔ እርዳታ ይለው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ገበያ ስሄድ ጀርባ የሚሰጡኝ አሉ። ልማድ ሆነ። ያልለመድኩት እነዚያው ሰዎች ሲያማቸው መርፌ ለመወጋት በጓሮ በር መምጣታቸውን ነው። እወጋቸዋለሁ። ቀስ አድርጌ አልወጋም።

የገመቹ እናት ባለፈው ዓመት አረፉ። ከቀብራቸው በኋላ ለሜሳ ከወንጪ መጣ። አሁንም ጀልባ ይቀዝፋል። ደጄ ላይ ቆሞ «አከም፣ አዴ» ብሎ ሰላም አለኝ፤ እንደ ትናንት።

«አሁን ተናገሪ» አለ። «ስምሽን አጥፍተዋል። በእኛ ምክንያት ነው።»

«ብናገር አንተን ምን ያደርጉሃል?»

ሁለታችንም እናውቃለን። ይህ አገር ነው።

«እንግዲያው ስማችንን ቀይሪ» አለ በመጨረሻ። «መንደራችንን ቀይሪ። ቃሉን ግን አትቀይሪ። አንድ ጊዜ ቀይረሽዋል።»

ይኸው። ስሞቹን ቀይሬያለሁ። ከመንደሮቹም ቀይሬያለሁ፤ የትኛውን እንደሆነ አልናገርም። የራሴን ስም አላስቀመጥኩም፤ እኔን ያወቀ እነሱን ያውቃልና። ስለዚህ ስሜ አልጸዳም። ሰዉ ባጃጅ ውስጥ ያውራ። አጎትየውም ድንኳን በር ላይ እንደቆመ ይቅር። እኔ ከሻምበሉ ጋር የነበረኝን ጉዳይ ነው የጨረስኩት። «ይህን አንብቢልኝ» ብሎኝ ነበር፤ አሁን አነበብኩለት።

ከቁስለኛ አንሺ ጓድ ጎባጣዋ ላይ የቀሩት ሦስት ናቸው።

ሲሳይ። ተጠሪው ሚስቱ።

መሐመድ። ተጠሪው አባቱ።

ገመቹ። ኋለኛ ተሸካሚ። የለሜሳ ጃለሌ። ቃሉ በትክክል ተጽፎ ነበር፤ የሚታረም አልነበረውም።